«ዞኒንግ»፦ ከግሪክ መቀነት እስከ ሚኒያፖሊስ ካርታ

በሚኒያፖሊስ ወይም በሴይንት ፖል የሚኖር ሰው በጓሮው ለአረጋዊ እናቱ ትንሽ ቤት ሊሠራ ቢያስብ፣ አለዚያም ምግብ ቤት የሚከፍትበት ሥፍራ ቢያፈላልግ፣ ከከተማው አስተዳደር አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ዞኒንግ» ነው። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቃሉ እንግዳ ባይሆንም ያሳስታል። በኢትዮጵያ ዞን በክልልና በወረዳ መካከል ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። የአሜሪካ ከተሞች ዞን ግን አስተዳዳሪ የለውም፤ በየትኛው መሬት ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስን፣ በካርታ ላይ የተሰመረ ደንብ ነው።

ምንጩ ግሪክኛ ነው። «ዞኔ» በወገብ የሚታጠቁት መቀነት ማለት ነው። የጥንት ግሪክ ሊቃውንት ምድርን እንደ ሙቀቷና ቅዝቃዜዋ በአምስት መቀነቶች ከፋፍለዋት ነበር። አርስቶትል መካከለኛውን ከሙቀቱ ብዛት ሰው አይኖርበትም ይል ነበር፤ ኢትዮጵያ የምትገኘው እዚያው ውስጥ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ቃሉ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። አማርኛም ከዚሁ ሥር የመጣ ሌላ ቃል አለው፦ «ዝናር»። ከዞን ጋር የሥጋ ዘመድ ቢሆንም ወደ እኛ የደረሰው በሌላና በቆየ መንገድ ነው።

የከተማ ፕላን ትርጉሙ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። የጀርመኗ ፍራንክፈርት እ.አ.አ. በ1891 ከተማዋን በዞን ከፋፍላ የግንባታ ደንብ አወጣች። ኒው ዮርክ በ1916፣ ሴይንት ፖል በ1922፣ ሚኒያፖሊስ በ1924 የየራሳቸውን ደንብ አጸደቁ። የተነገረው ዓላማ ፋብሪካን ከመኖሪያ መለየት ነበር።

መቀነት ግን የሚይዘው እንዳለ ሁሉ ውጭ የሚያስቀረውም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰፈርን በዘር የሚከፍል ዞኒንግን በ1917 ሽሯል። ሆኖም በሚኒያፖሊስ ቤቱ ለጥቁሮችና ለሌሎች እንዳይሸጥ የሚከለክሉ አንቀጾች በግል የሽያጭ ውል ውስጥ ይጻፉ ነበር። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1910 ጀምሮ ያሉትን እየለቀሙ በካርታ አስፍረዋቸዋል። የሚኒሶታ ግዛት በ1953 አዲስ እንዳይጻፍ ከለከለ። «በአንድ ቦታ አንድ ቤት ብቻ» የሚለው ዞን ግን ስለ ዘር አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቀጠለ። ርካሽ መኖሪያ እንዳይሠራ ማገዱ ብቻውን አቅም የሌለውን ከሰፈሩ ለማራቅ ይበቃ ነበር።

የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2018 ይህን ክልከላ ያነሳውን «ሚኒያፖሊስ 2040» የተሰኘ ዕቅድ 12 ለ1 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። በአንድ ቦታ እስከ ሦስት መኖሪያ መሥራት የሚፈቅደው ደንብ በ2020 ሥራ ላይ ዋለ። ተቃዋሚዎች በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ከሰሱ፤ ክርክሩ ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በ2024 ዕቅዱን ከዚህ ዓይነቱ ክስ የሚከላከል ሕግ አወጡ። ሴይንት ፖልም በ2023 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች።

ፈቃድ ግን ቤት አይደለም። ከለውጡ ወዲህ በሚኒያፖሊስ የተገነቡት አዳዲስ መኖሪያዎች አብዛኞቹ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የቆሙ ትልልቅ አፓርታማዎች ናቸው፤ ብዙ የተወራላቸው ባለሦስት መኖሪያ ቤቶች ቁጥር ጥቂት ነው። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመፈረሙ በፊት ቦታው በየትኛው ዞን እንደሚገኝ በከተማው ካርታ ላይ ማየት ይችላል።