የመስቀል ካሴቶቻችን ሳይጠፉ



ታሪክ ሲባል ብራናና ሐውልት ይታወሰናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ቁምሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ስለተቀመጠው ታሪክ ነው፤ ስለ ቪዲዮ ካሴት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ፣ በ1977 ዓ.ም. ባለ ቀለም ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ማን ይቀረጽ የሚለውን የሚወስነው መንግሥት ነበር። የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ቪኤችኤስ ውሎ አድሮ እኛም ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ደክና ካሜራ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ገቡ፤ ተራው ሰው ሰርጉን፣ መልሱን፣ ክርስትናውን ራሱ አስቀረጸ።

አታትና አካባቢው ደግሞ መስቀል አለ። የጉራጌ ልጅ የትም ይኑር፣ ለመስቀል አገሩ መግባት ይፈልጋል። ካሜራ የያዘ ሰው ከመጣ ደመራው፣ ጀፎረው፣ የክትፎው ዝግጅት፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ይቀረጻል። ካሴቱ መምጣት ላልቻለው ልጅ በሰው እጅ ይላካል። ደብዳቤ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያውም ድምፅና መልክ ያለው።

ከአሜሪካ የሚመጣው ካሴት በኛ ደክ የሚዘለው ወይም ቀለሙን የሚያጣው ለምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? የኛ ፓል 625 መስመርና በሰከንድ 25 ምስል ነው፤ የነሱ ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 30 ገደማ።

አሁን ጊዜው እያለቀ ነው። ምስሉን የያዘው ማግኔታዊ ዱቄት በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው፤ እርጥበት ማጣበቂያውን ይበላዋል፣ ሻጋታም ያመጣል። ደክ የሚሠራው የመጨረሻው ትልቅ ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ምርቱን አቁሟል።

አንድ ዘመዴ የአባቱን የመስቀል ካሴት ከተማ ወስዶ ወደ ቪሲዲ አስገለበጠ። ካሴቱን «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል?» ብለው እዚያው አስቀሩት። ቪሲዲ ከሚታዩት 576 መስመሮች የሚይዘው 288 ብቻ ነው። የሽማግሌው ፊት ደበዘዘ፣ በቸሃ የመረቁት ምርቃትም ከከንፈራቸው ጋር አልገጥም አለ። ዋናው ስለሌለ እንደገና መቅዳት አይቻልም።

ስለዚህ እባካችሁ፦

የሻገተ ካሴት ደክ ውስጥ አታስገቡ፤ ደክንም ሌሎች ካሴቶችንም ያበላሻል።

ከመቅዳታችሁ በፊት የደኩን ሄድ አጽዱ፤ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ መልሱት።

ቴሌቪዥኑን በስልክ አትቅረጹ። ደኩን በገመድ ከኮምፒውተር አገናኙ፤ ኤስ-ቪዲዮ ካለው በእሱ።

በ720 በ576 ቅዱ። በዲቪ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ አይብዛባችሁ። ለማየት የሚሆነውን ቅጂ በሰከንድ 50 ምስል አድርጋችሁ ለብቻ አውጡ፤ እንቅስቃሴው እንደ ድሮው ለስላሳ ይሆናል።

ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ካሴቱን ግን አትጣሉ!

ከሁሉ በላይ፣ እናት አባታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እያያችሁ ቅዱ። «ይቺ ማን ናት? ይሄ የማን ደጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጻፉ። ምስሉን ማሽን ያወጣዋል፤ ስሙን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ስም የሌለው ምስል ለልጅ ልጅ የባዕድ ሰው ምስል ነው።

የዘንድሮ መስቀል አገር ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ቁምሳጥኑ ላይ እዩ።