ከአስታ ሥር እስከ ባሕር አረፋ፦ የውርስ ፒፓ ቃላት

«ፒፓ» ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛው የወረደው «ፒፓሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙ እንደ ጫጩት ጺው ጺው ማለት ነው። ቃሉ ከጫጩቷ ድምፅ ወደ ፉጨት፣ ከፉጨት ወደሚነፋ ቀሰም፣ ከቀሰሙም ውስጡ ክፍት ወደሆነ ቱቦ ሁሉ ተሻገረ። እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የውኃ መስመሩን፣ የሚነፋውን መሣሪያና የትምባሆ ማጨሻውን በአንድ ስም ይጠራል፤ የጀርመኑ «ፕፋይፈ»ም ፉጨትም ማጨሻም ነው። አማርኛ ቃሉን የተዋሰው አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጦ ነው። ዋሽንቱም ቧንቧውም የየራሳቸው ስም ስላላቸው «ፒፓ» ለማጨሻው ብቻ ቀረ።

ዕቃው ግን ከስሙ ቀድሞ እኛ ዘንድ ነበር። ጢሱ በቅል ውስጥ ባለ ውኃ አልፎ የሚሳብበትን ማጨሻ «ጋያ» እንለዋለን። ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅና ላሊበላ ዋሻ ተብሎ በሚጠራ ስፍራ (ከአብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው) ሁለት የሸክላ ማጨሻ ራሶች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ኒኮላስ ቫን ደር መርቨ በ1975 ባሳተመው ጥናት መሠረት የተሠሩት በ1320 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም 80 ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሎምበስ ገና አልተወለደም፤ ትምባሆም ውቅያኖሱን አልተሻገረም። በራሶቹ ላይ የተገኘው ቅሪት የካናቢስ ነበር።

ትምባሆ ራሱ ስሙን ያገኘው ከማጨሻው ሳይሆን አይቀርም። ስፔናዊው ኦቪዬዶ በ1535 ሲጽፍ የካሪቢያን ሰዎች «ታባኮ» የሚሉት ቅጠሉን ሳይሆን ጢስ የሚስቡበትን ባለ ሁለት ጫፍ ቀሰም ነው ብሏል። ሌላው የዘመኑ ስፔናዊ ጸሐፊ ላስ ካሳስ ደግሞ የተጠቀለለው ቅጠል ነው ይላል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ቃሉ «ጡባቅ» ከሚባል የዐረብኛ የዕፅ ስም የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ወደ እኛ የደረሰው በምሥራቁ መንገድ፣ «ተንባኩ» ከሚለው ፋርስኛና «ቱምባክ» ከሚለው ዐረብኛ በኩል ነው። በመካከሉ ያለችው «ም» የዚያ መንገድ አሻራ ናት፤ የአውሮፓው «ታባኮ» አያውቃትም። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትምባሆ በጥብቅ የተከለከለ ነበር። በእኛ ቤት የውርስ ሣጥን ውስጥ ወርቅ፣ ጎራዴና ዳዊት ሲገኝ ፒፓ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በፈረንሳይና በቱርክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አያት ሲሞት ፒፓው ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ወራሹም አንገቱ ላይ በደቃቁ የታተመውን ጽሑፍ እያየ ግራ ይጋባል። ባብዛኛው የሚያሳስቱት ቃላት የዕንጨቱ ስሞች ናቸው። ብዙ ሰው «ብሩዬር» ወይም «ብራየር» የሚል ማኅተም ሲያይ የሠሪውን ስም ያገኘ ይመስለዋል። «ብሩዬር ጋራንቲ» ማለት «ዋስትና ያለው የብሩዬር ዕንጨት» ማለት ብቻ ነው። «ዴፖዜ»ም «የተመዘገበ» ከማለት አያልፍም። «ኢምፖርትድ ብራየር» ዕንጨቱ ከውጭ መምጣቱን ይናገራል፤ ማን እንደጠረበው አይናገርም። እነዚህ ቃላት ብቻቸውን የታተሙበት ፒፓ ባብዛኛው እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ አያወጣም።

ብሩዬር ማን ነው? ፈረንሳይኛው ከጥንቱ የጎል ቋንቋ የወረሰው የቁጥቋጦ ስም ነው። እንግሊዞች ቃሉን ሲዋሱ ድምፁ ለእሾሃማው «ብራየር» ቀረበባቸውና ሁለቱን ቀላቀሏቸው፤ የፒፓ ዕንጨት ከእሾህ የተሠራ የሚመስላቸው እስከ ዛሬ አሉ። ሳይንሱ «ኤሪካ አርቦሪያ» ይለዋል። የሰሜን ተራሮችን ወይም የባሌን ከፍታ የወጣ ኢትዮጵያዊ ዛፉን ያውቀዋል፦ አስታ ነው። ከደጋው ጫካ በላይ፣ ጅብራ ከመጀመሩ በፊት፣ ደቃቅ ቅጠሉን ጢም አስመስሎ የሚቆመው ያው አስታችን በሜድትራኒያን ዳርቻ ከኮርሲካና ከካላብሪያ እስከ አልጄሪያ ይበቅላል። ለፒፓ የሚፈለገው ግንዱ ሳይሆን ከሥሩና ከግንዱ መገናኛ ላይ እንደ ዕጢ የሚያብጠው ክፍል ነው። ይህ ዕጢ ጥቅጥቅ ያለና እሳት የሚቋቋም ስለሆነ ሌላው ዕንጨት የሚከስልበትን ሙቀት ይችላል። ተቆርጦ ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ከዚያ ወራት ፈጅቶ ይደርቃል። በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች ያለችው ሳን ክሎድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የዚህ ሙያ ዋና ከተማ ሆነች። አስታን ለማገዶ ብቻ ለሚያውቅ ደገኛ ይህ ሁሉ ሳያስቀው አይቀርም።

ያው «ብሩዬር» የሚለው ቃል አንድ ቦታ ላይ ግን ዋጋ አለው። አልፍሬድ ደንሂል በ1907 በለንደን ዱክ ስትሪት ሱቅ ከፈተ፤ በ1910 ፒፓ መሥራት ጀመረ፤ «ብሩዬር»ንም ለጠቆር ቀይ ቀለም ፒፓዎቹ የዓይነት ስም አደረገው። ስለዚህ ከደንሂል ስም ጋር የታተመ «ብሩዬር» ሰብሳቢ የሚፈልገው ዓይነት ነው፤ ብቻውን የታተመ «ብሩዬር» የዕንጨት ስም ነው። ደንሂል በ1915 የጀመረው በመምጠጫው ላይ ያለው ነጭ ነጥብ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚዞር እንዲያሳይ የታሰበ ነበር። ዛሬ ገዢዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው፤ ሌሎች ሠሪዎችም ነጭ ነጥብ ስላደረጉ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ«ኢንግላንድ» የመጨረሻ ፊደል ጥግ የምትታየው ትንሿ አኃዝ ትሻላለች፤ ፒፓው የተሠራበትን ዓመት ትጠቁማለች።

የአገር ስም ዕድሜ ሲናገር እንደ አየርላንዱ ፒተርሰን ግልጽ የሆነ የለም። የደብሊኑ ቤት ፒፓዎች አገሪቱ ስሟን በቀየረች ቁጥር ማኅተማቸውን ቀይረዋል። «አይሪሽ ፍሪ ስቴት» የሚለው ከ1922 እስከ 1937 የነበረው መንግሥት ስም ነው፤ «ኤሬ» ከዚያ በኋላ መጣ፤ «ሪፐብሊክ ኦፍ አየርላንድ» የሚል ፒፓ ደግሞ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል ከ1949 በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ሪፐብሊኩ የታወጀው ያን ዓመት ነውና። የአገር ስም በዕቃ ላይ ማተም እንዲህ የተስፋፋበትም ምክንያት አለው። የአሜሪካ የ1890 የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የመጣበትን አገር ስም እንዲይዝ አዘዘ። ምንም የአገር ስም የሌለው የእንግሊዝ ፒፓ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራም ሊሆን ስለሚችል ግን ቸኩሎ መደምደም አይገባም።

ዕንጨቱን የሚያቅፍ የብር ቀለበት ካለ ሥራው ይቀላል። የእንግሊዞቹ «ሆልማርክ» «የአዳራሽ ምልክት» ማለት ነው፤ አዳራሹ የለንደን አንጥረኞች ማኅበር አዳራሽ ሲሆን፣ ከ1478 ጀምሮ አንጥረኞች ሥራቸውን እዚያ ወስደው እንዲያስመረምሩና እንዲያስመቱ ተገደዱ። የሚራመድ አንበሳ ብሩ የስተርሊንግን ደረጃ ማሟላቱን ያመለክታል። መልሕቅ የበርሚንግሃም፣ የነብር ራስ የለንደን፣ ሦስት የስንዴ ነዶና ሰይፍ የቼስተር ነው፤ የቼስተሩ ቢሮ በ1962 ስለተዘጋ ከዚያ በኋላ የተሠራ ብር ያን ምልክት አይዝም። ከነዚህ ጎን ያለችው ፊደል ዓመቱን ትሰጣለች፤ የፊደሎቹ ሠንጠረዥ በቀላሉ ይገኛል። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፦ ርካሽ ቀለበቶች ላይ ሆልማርክ መሳይ ኮከብና ጨረቃ ማተም የተለመደ ነበር። «ኢ ፒ» የሚለውም በኤሌክትሪክ በብር የተለበጠ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ደግሞም ቀለበቱ የተሰነጠቀ አንገት ለማሰር ኋላ የተጨመረ ከሆነ የብሩ ዓመት የዕንጨቱ ዓመት አይደለም።

ነጭ ወይም እንደ ማር የወየበ ፒፓ ከሆነ ምናልባት ሜርሻውም ይሆናል። ስሙ ጀርመንኛ ነው፤ «የባሕር አረፋ» ማለት ነው። ፈረንሳዮችም በቋንቋቸው ያንኑ ይሉታል፤ የፈረንሳይኛው ስም ኩመር ከሚባል ሠሪ ስም ተጣሞ የመጣ ነው የሚል የሰፈር ሥርወ ቃል አለ፤ ጨዋታ ከመሆን አያልፍም። ነገሩ አረፋም የባሕር ውጤትም አይደለም፤ በቱርክ ኤስኪሼሂር አካባቢ ከጉድጓድ የሚወጣ ማዕድን ነው፤ ሲደርቅ እጅግ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ከሁሉ እውነተኛውን ስም የሰጡት ቱርኮች ናቸው፦ «ሉሌታሺ»፣ ማለትም የፒፓ ራስ ድንጋይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቪየና ጠራቢዎች የአንበሳና የሴት ራስ ሲቀርጹበት ሙያው ጫፍ ደረሰ። ዋጋውን የሚወስነው ከአንድ ድንጋይ መጠረቡ ወይም ከፍርፋሪ ተጨምቆ መሠራቱ ነው፤ የተጨመቀው ይከብዳል፣ ቀለሙም ሲጨስ እኩል አይለወጥም። የመጀመሪያው መያዣ ሣጥን ከነስሙ ካለ ያለ ምንም ማመንታት ከፒፓው ጋር ይቀመጥ።

መምጠጫው ጥቁር ሆኖ ወደ አረንጓዴ ቡኒ የሚለወጥ ከሆነ ቩልካናይት ነው፤ ኢቦናይትም ይሉታል። የመጀመሪያው ስም ከሮማውያን የእሳት አምላክ ከቩልካን፣ ሁለተኛው ከዞጲ ዕንጨት የእንግሊዝኛ ስም የመጣ ነው። የዞጲው ስም ደግሞ በግሪክ በኩል ወደ ጥንት ግብጽኛ «ህብኒ» ይደርሳል፤ ፈርዖኖች ይህን ዕንጨት ከኑቢያና ከፑንት ያስመጡ ነበር። ቩልካናይት ጎማ ከድኝ ጋር በስሎ የሚገኝ ነው፤ ብርሃን ሲመታው ድኙ ወደ ላይ ይወጣና መልኩን ያበላሸዋል። «ክብሪት» የሚለው ቃላችንም በዐረብኛ ያው ድኝ ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ፒፓ ሲቀጣጠል በሁለቱም ጫፍ ድኝ አለ። መልክ መለወጡ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ ዕድሜው ነው።

ስለ ነጩ የሸክላ ፒፓ ብዙ የሚባል የለም። በእንግሊዝ አፈር ውስጥ ስባሪው ሞልቶ ስላለ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ለቁፋሮ ባለሙያ ግን እንደ ሰዓት ያገለግላል። የቁፋሮ ባለሙያው ሃሪንግተን በ1954 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው ከ1590 እስከ 1620 የአንገቱ ቀዳዳ ስፋት ባብዛኛው የኢንች 9/64 ነበር፤ ከ1750 በኋላ 4/64 ደረሰ። አንገቱ እየረዘመ ሲሄድ ቀዳዳው ጠበበ። አንገትና ቀዳዳ ከተነሣ፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ፒፓ ፈረንሳዮች «ካሉሜ» ያሉትም ከግሪኩ «ካላሞስ»፣ ከሸንበቆ ነው። ከዚያው ሸንበቆ ዐረቦች «ቀለም» የሚሉት ብዕር፣ እኛም ደብተራው የሚነክረው ቀለም ወጣ።

ሻጮች «የሼርሎክ ሆምስ ፒፓ» እያሉ ዋጋ የሚጨምሩበት ጎባጣው ካላባሽ በደቡብ አፍሪካ ከቅል የሚሠራ ነው፤ ቅሉም የጋያችን ዓይነት ቅል ነው። ኮናን ዶይል በጽሑፉ ሆምስን ሸክላ፣ ብራየርና የቼሪ ዕንጨት አስጨሰው እንጂ ካላባሽ አላስያዘውም። ለዚያ ስም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

የማኅተሙ ቃላት ዋጋ የሚኖራቸው ሲነበቡ ነው። ያጠፋቸው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከጊዜ ይልቅ የወራሽ ብርጭቆ ወረቀት አጥፍቷቸዋል። ከአንገቱ ላይ ስሙ የተፋቀ ደንሂል ስሙ ከሌለው ፒፓ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ከአባት የቀረ ፒፓ ያላችሁ፣ ከመጥረጋችሁ በፊት ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር ሥር፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፤ ዕንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ ሜርሻውሙን አልኮል አታስነኩት፤ የሚያብለጨልጭ አድርጌ እሰጣችኋለሁ ለሚል ሰውም አትስጡት።