በዐረብ አገር ለምትኖሩ ወገኖች፦ ስለ ጤና መድን ማወቅ የሚገባችሁ

 ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊት ላይ የተደወለልኝ አንድ ስልክ ነው። የደወለችው በአጥቢያችን መዘምራን ውስጥ ታገለግል የነበረች፣ በኋላም ዱባይ ሄዳ በአንድ የጽዳት ድርጅት የተቀጠረች እህት ናት። ሆዷን በብርቱ ታምማ ጓደኞቿ ሆስፒታል አድርሰዋታል። ሐኪሞቹ ትርፍ አንጀት ነው፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን መደረግ አለብሽ ብለዋታል። መታወቂያዋን ስታሳይ ግን እንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተሩን ተመልክታ "መድንሽ ካበቃ ሁለት ወር ሆኖታል" አለቻት። አሠሪዋ አላሳደሰላትም፣ የነገራትም ሰው አልነበረም። በስልክ እያለቀሰች "ፓስተር፣ ካርዱ እኮ እዚሁ ቦርሳዬ ውስጥ አለ" ያለችኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

እግዚአብሔር ይመስገን ታክማ ድናለች። ዕዳው ግን ወራት ፈጀ። እኛም እዚህ አዋጣን፣ እዚያ ያሉ ወገኖችም አዋጡ። ከዚያ በኋላ ነው እኔም ነገሩን መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ሐኪም ወይም የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ወደ ዐረብ አገር ልጆቻቸውን የሚሸኙ ወላጆች በየጊዜው ለጸሎት ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ከጸለይን በኋላም "መድን አላት ወይ?" ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ "አዎን፣ ኤጀንሲው አለ ብሎናል" ይሉኛል። አለ መባሉ ብቻ በቂ አይደለም። በማን እጅ ነው ያለው? መቼ ያበቃል? የማይከፍለውስ ምንድን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የማይመልስ መድን የእህታችንን ካርድ ይመስላል።

መድንና እድር

አንዳንድ ምእመናን "መድኃኒታችን ጌታ ነው፣ መድን መግባት አለማመን ነው" ሲሉ እሰማለሁ። ቃሎቹ ከአንድ ሥር ስለ ወጡ ይመስለኛል እንዲህ የሚያሳስታቸው። ይህን የሚሉት ግን በየወሩ የእድር መዋጮአቸውን ሳያስተጓጉሉ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው! የጤና መድን አሠራሩ ከእድር ብዙም አይርቅም። ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ይከፍላሉ፣ ከመካከላቸው የታመመው ከተጠራቀመው ይታከማል። የሚከፈለው ገንዘብ አረቦን ይባላል። ልዩነቱ እድር በአብዛኛው ሰው ካረፈ በኋላ ሲደርስ፣ የጤና መድን ሰው በአልጋ ላይ ሳለ መድረሱ ነው። ሌላው ልዩነት ደግሞ እድርን የሚያስተዳድሩት የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው፤ አዝነው ሊያልፉላችሁ ይችላሉ። መድን ግን ውል ነው፣ የሚሠራውም በተጻፈው ቃል ብቻ ነው።

ሕጉ በየአገሩ

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ሕጉ ለረጅም ጊዜ በአንድ ላይ አልነበረም። አቡዳቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 23 የጤና መድንን ግዴታ አደረገች። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2013 ሕግ ቁጥር 11ን አውጥታ ከትልልቅ ድርጅቶች ጀምራ ወደ ትንንሾቹ እየወረደች፣ የመጨረሻውን የጊዜ ገደብ እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 31 ቀን 2017 አደረሰችው። ሻርጃ፣ አጅማን፣ ኡም አል ቁዌን፣ ራስ አል ኬማና ፉጄይራ ግን የግል ድርጅት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች መድን እንዲኖራቸው ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሻርጃ ኖራ የተመለሰች ዘመድ "እዚያ መድን የሚባል ነገር የለም" ብትላችሁ በጊዜዋ ልክ ነበረች፤ አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል።

በዚህ ሁሉ ልብ በሉት፦ የሠራተኛውን አረቦን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ለቤት ሠራተኛም የምትኖርበት ቤት ባለቤት፣ ማለትም ካፊሏ ይከፍላል። ከደመወዝ ሊቆረጥ አይገባም። በአምስቱ ኤምሬቶች የወጣው መሠረታዊ መድን አረቦኑ በዓመት 320 ድርሃም ነው። ይህን የምጽፈው "ለመድንሽ" ተብሎ በየወሩ ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው እህቶች እንዳሉ ስለ ሰማሁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ የሰው ኃይል ሚኒስቴሩን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በሳዑዲ ዐረቢያ የጤና መድን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በግል ድርጅት የሚሠራ የውጭ አገር ሰው በአሠሪው ወጪ መድን ሊገባለት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ መድኑ በዓመት የሚሸፍነው ከፍተኛ መጠን ወደ 1 ሚሊዮን ሪያል አድጓል። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ነገር ግን የእኛ እህቶች አብዛኞቹ በድርጅት ሳይሆን በሰው ቤት ነው የሚሠሩት። ለቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የወጣው ግዴታ የሚመለከተው ከአራት በላይ ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ ነው። በአንድ ቤት ብቻዋን ወይም ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር የምትሠራ እህት በዚህ ግዴታ ውስጥ አትገባም። ወደ ሳዑዲ የምትሄድ ልጅ ካለቻችሁ ከመፈረሟ በፊት "ብትታመም የሚያሳክማት ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱም በውሉ ላይ ይጻፍ።

ይህን ለመጠየቅ ደግሞ የአገራችን ሕግ ያግዛችኋል። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሠራተኛውን የመድን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው፤ የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትንም እንዲሁ። ይህ የሚሠራው ግን በሕጋዊ መንገድ፣ በተመዘገበ ውል ለሄደ ሰው ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ሥራ የጀመረ፣ ወይም በባሕር የተሻገረ ወገን ይህን ሁሉ ያጣል።

መድኑ የማይከፍለው

መድን አለኝ ማለት ምንም አልከፍልም ማለት አይደለም። ከላይ የጠቀስኩትን የ320 ድርሃም መድን እንመልከት። ተመላላሽ ሕክምና ስትሄዱ የሂሳቡን 25 በመቶ እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከ100 ድርሃም አይበልጥም። ሂሳቡ 300 ቢሆን 75 ትከፍላላችሁ፣ 500 ቢሆን ግን 125 ሳይሆን 100 ነው። ተኝታችሁ ስትታከሙ ድርሻችሁ 20 በመቶ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ500፣ በዓመት ደግሞ ከ1,000 ድርሃም አያልፍም። ስለዚህ 10,000 ድርሃም የሚያስወጣ ኦፕራሲዮን ቢደረግላችሁ የእናንተ ድርሻ 500 ነው። ያቺ እህታችን መድኗ ባያበቃ ኖሮ ምን ያህል ይቀልላት እንደነበር ከዚህ መገመት ትችላላችሁ። የዱባዩ መሠረታዊ መድንም በብዙ ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በዓመት የሚሸፍነው እስከ 150,000 ድርሃም ነው።

መድኃኒት ላይ ነው ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገው። በዚሁ በ320 ድርሃሙ መድን የመድኃኒት ድርሻችሁ 30 በመቶ ሲሆን የዓመቱ ጣሪያ 1,500 ድርሃም ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው በወር የ300 ድርሃም መድኃኒት ቢወስድ በዓመት 3,600 ይሆናል፤ ጣሪያው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙን "ርካሹ ዓይነት የለም ወይ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍረውም። በአብዛኛው ሐኪሞቹ በሌላ ስም የሚሸጠውን ያው መድኃኒት ሊያዙ ይችላሉ። ጥርስና መነጽርን መሠረታዊ መድኖች በአብዛኛው አይሸፍኑም።

ሌላው የትኛው ሆስፒታል የሚለው ነው። እያንዳንዱ መድን የሚቀበሉት የታወቁ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ዝርዝር አለው። ድንገተኛና ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ከዝርዝሩ ውጪ ከታከማችሁ ሂሳቡ የእናንተ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ባለው ሆስፒታልም ቢሆን ለኦፕራሲዮንና እንደ ኤም.አር.አይ. ላሉ ውድ ምርመራዎች መድን ሰጪው አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ሆስፒታሉ ራሱ ይጠይቅላችኋል፣ እናንተ ግን "ፈቃዱ መጥቷል ወይ?" ሳትሉ አልጋ ላይ አትውጡ።

ሕመምን መደበቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ ሰው ሕመሙን ይደብቃል። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ከመሄዳችን በፊት የሚደረገው የጤና ምርመራ እንደ ሳንባ ነቀርሳና የጉበት ቫይረስ ያሉትን አግኝቶ ጉዞውን ስለሚያስቀር፣ ስለ ጤና የሚጠይቅ ቅጽ ሁሉ እንደ ወጥመድ ይታየናል። የመድን ቅጽ ግን ሌላ ነገር ነው። "ስኳር አለብህ ወይ? ኦፕራሲዮን ተደርገሃል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ "የለብኝም" ብላችሁ ከሞላችሁ፣ በኋላ ሐኪሙ መዝገብ ላይ "ከአምስት ዓመት ጀምሮ ስኳር አለበት" ብሎ ሲጽፍ መድን ሰጪው አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛል።

ከዚህ ይልቅ እውነቱን መናገር በኪስም ያዋጣል። በዱባዩ መሠረታዊ መድን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ከበፊት የነበረበት በሽታ ስድስት ወር የመጠበቂያ ጊዜ ቢኖረውም ከዚያ በኋላ ይሸፈናል፤ ድንገተኛ ሕክምና ደግሞ በመካከሉም አይከለከልም። በአምስቱ ኤምሬቶች መድን ሥር ለሰደዱ በሽታዎች የመጠበቂያ ጊዜ የለም። እንግዲህ መደበቁ የሚያተርፈው ምንድን ነው? እኔ ምንም አይታየኝም። ቅጹን አሠሪው ወይም ኤጀንሲው ሞልቶላችሁ ከሆነ ግን ምን ብሎ እንደ ጻፈ ጠይቁ።

ሥራ ሲለወጥ

መድኑ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የታሰረ ነው። ፈቃዱ ሲሰረዝ መድኑም ይሄዳል። ከአንድ አሠሪ ወደ ሌላ በምትዛወሩበት ጊዜ ያለው ክፍተት አደገኛ ነው፤ አዲሱ አሠሪ መድኑን ያስገባበትን ቀን ጠይቃችሁ እወቁ። ከቤት ወጥታ የጠፋች ሠራተኛ ደግሞ ካፊሏ ካመለከተባት መኖሪያ ፈቃዷንም መድኗንም ታጣለች። አንዳንዴ ከመከራ ለማምለጥ መውጣት ግድ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ የምፈርድ አይደለሁም። ነገር ግን ከመውጣት በፊት ቆንስላውን ወይም የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ማነጋገር ከተቻለ፣ ሕጋዊ ዝውውር መድኑንም አብሮ ያድናል።

ስለ ሞትም መናገር አለብኝ።  በኤምሬቶች የሠራተኛ ሕግ መሠረት በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ቢሞትና ቤተሰቡ ቢጠይቅ ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ባለማወቅ በየቤተ ክርስቲያኑ መዋጮ ሲለምን አይቻለሁ።

የራሳችሁን መድን ለምትገዙ

ነጋዴዎች፣ መሐንዲሶች፣ ነርሶች፣ ቤተሰብ ይዛችሁ የምትኖሩ ወገኖች ከመሠረታዊው ከፍ ያለ መድን ልትገዙ ትችሉ ይሆናል። ከአገር አገር የሚሠሩ መድኖች ሕመምተኛን በአውሮፕላን እስከ ማጓጓዝ ይደርሳሉ፣ ዋጋቸው ግን ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ መድኑ በምትኖሩበት አገር ለመኖሪያ ፈቃድ ተቀባይነት አለው? ሁለተኛ፣ የሚሸፍነው የትኞቹን አገሮች ነው? ለእረፍት አዲስ አበባ መጥታችሁ ብትታመሙ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ ካልተጻፈች አይከፍልም።

የጉዞ መድን ደግሞ ሌላ ነው። እናታችሁ ጀርመን ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃሉ። ያ ለድንገተኛ ሕመም ነው፤ እዚያ ቆይተው ስኳራቸውን እንዲከታተሉበት አይደለም።

ለቀጣዩ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ኤምሬቶች ያላችሁ መድኑ ከመታወቂያችሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መታወቂያችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ክሊኒክ ጠይቁ። ሳዑዲ ያላችሁ የኢቃማ ቁጥራችሁን በጤና መድን ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ መድን እንዳላችሁና የሚያበቃበትን ቀን ማየት ትችላላችሁ። ካላችሁ የመድን ሰጪውን ስም፣ የውሉን ቁጥርና የማብቂያውን ቀን ጽፋችሁ አገር ቤት ላለ አንድ ለምታምኑት ሰው ላኩ። አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦችም ስትደውሉ ጠይቁ፤ "ገንዘብ ላክሽ ወይ?" ከማለታችሁ በፊት ቢሆን ደግሞ መልካም ነው።

ያቺ እህታችን አሁን ሻርጃ በሌላ ድርጅት ትሠራለች። ባለፈው ስትደውልልኝ የመድኗን ወረቀት ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። የሚያበቃው በመጋቢት ነው፤ እኔም ቀኑን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።