ጦማርና ጋዜጠኛ

ጦማር በግእዝ ደብዳቤ፣ ጽሑፍ ማለት ነው፤ ዛሬ ግለሰቦች ያለ አርታኢ በበይነ መረብ የሚያወጡት ጽሑፍ መጠሪያ ሆኗል። ብዙ የአሜሪካ ጋዜጠኞች በመጀመሪያ ንቀውት ነበር። በመስከረም 2004 (እ.ኤ.አ.) ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስለ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የውትድርና አገልግሎት በ1970ዎቹ ተጻፉ የተባሉ ሰነዶችን ይፋ አደረገ። ጦማሪያን ከፊደሎቹ ቅርጽ ተነሥተው ሰነዶቹ በኮምፒውተር የተዘጋጁ እንደሚመስሉ አመለከቱ። ክርክራቸው ሁሉ ትክክል አልነበረም፤ ጣቢያው ግን የሰነዶቹን እውነተኛነት ማረጋገጥ ባለመቻሉ ከ12 ቀናት በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት መምህር ጄይ ሮዘን በ2003 የራሳቸውን ጦማር ጀምረው፣ በ2005 የጋዜጠኞችና የጦማሪያን ጠብ አብቅቷል ሲሉ ጻፉ። ዛሬ ዘጋቢ ጦማርን ለጥቆማ ያነብበዋል፤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የተጻፈውን ይዞ ግን ወደ ማኅበሩ መጋዘንና ወደ ገበሬው ይሄዳል፤ ቢያንስ መሄድ ይገባዋል።