ጨዋታ እንጀራ ሲሆን፤ የዳይጎ ኡሜሃራ የሥራ ታሪክ

በአማርኛችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የ«ቁም ነገር» ተቃራኒ ሆኖ ይነገራል። አንድ ሰው «ጨዋታውን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» ሲል፣ ሥራና እንጀራ ያለው በሁለተኛው ወገን ብቻ መሆኑን አምኖ ነው። ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም ሕዝቦች፣ ከነዚህም መካከል ጃፓኖች፣ ለረዥም ጊዜ ይዘውት ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታ ወደ እንጀራነት የተለወጠበትን አንድ ታሪክ መመርመር ነው። ታሪኩም በኤሌክትሮኒክ የፍልሚያ ጨዋታ ስሙ በዓለም የታወቀው የጃፓናዊው የዳይጎ ኡሜሃራ ነው። የምንጠይቀውም «ይህ ሰው እንዴት አሸነፈ?» ብለን ሳይሆን «ችሎታው ሙያ ተብሎ የተቈጠረው መቼና በምን ምክንያት ነው?» ብለን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የጨዋታውን ጠባይ መግለጽ ያስፈልጋል። ካፕኮም የተባለው የኦሳካ ኩባንያ በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ተፋላሚ ይመርጡና በአንድ እጅ ዘንግ፣ በሌላው እጅ ስድስት ቁልፎች እያንቀሳቀሱ በእስክሪን ላይ ያዋጉዋቸዋል፤ ጉልበቱ አስቀድሞ ያለቀበት ይሸነፋል። ጨዋታው የሚገኘው አርኬድ በሚባሉ፣ ሳንቲም እየተከፈለ በሚጫወቱባቸው የጨዋታ ቤቶች ነበር። በነዚህም ቤቶች የተሸነፈው ለመቀጠል እንደገና ይከፍላል፤ ያሸነፈው ግን ሳይከፍል ይቀጥላል። ስለዚህ በኪሱ ብዙ ገንዘብ የሌለው ልጅ ረዥም ጊዜ ለመጫወት የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አለመሸነፍ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ደንብ ለችሎታ ማደግ ትልቅ ምክንያት ሆኗል ብሎ ለመናገር ይቻላል።

ቤቶቹ ግን መልካም ስም አልነበራቸውም። የጃፓን መንግሥት በ1984 የመዝናኛ ቤቶችን ሕግ ባሻሻለ ጊዜ፣ የጨዋታ ቤቶችም የፓቺንኮና የማህጆንግ ቤቶች በሚተዳደሩበት ሕግ ሥር እንዲገቡ አድርጓል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚውል ልጅ ለወላጅም ለመምህርም የሐሳብ ምክንያት ነበር።

ዳይጎ በ1981 በሰሜን ጃፓን በአኦሞሪ ተወለደ፤ ያደገው ግን በቶኪዮ ነው። ገና ልጅ ሳለ ወደ ጨዋታ ቤት መሄድ ጀመረ። በ1998፣ ዕድሜው 17 ዓመት ሲሆን፣ «ስትሪት ፋይተር ዜሮ 3» በተባለው ጨዋታ የጃፓን አሸናፊ ሆነ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተወስዶ የአሜሪካኑን አሸናፊ አሌክስ ቫሌን ድል አደረገ። አሜሪካኖች ተመልካቾች ከጊዜ በኋላ «አውሬው» የሚል ቅጽል አወጡለት። ይሁን እንጂ ይህ ወጣት ወደ አገሩ ሲመለስ በዚህ ችሎታ ተቀጥሮ ወይም ተደግፎ የሚኖርበት ሥርዓት አላገኘም። ድሉ ድል ነበረ፤ ሥራ ግን አልነበረም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ግጥሚያው የተደረገው በ2004 በካሊፎርኒያ፣ በፖሞና ከተማ፣ ኢቮ በሚባለው ዓመታዊ ውድድር ላይ ነው። ተጋጣሚው አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ቹን ሊ የተባለችውን ተፋላሚ፣ ዳይጎ ደግሞ ኬን የተባለውን ይዘው ነበር። የኬን ጉልበት ሊያልቅ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ሳለ ዎንግ 15 ምት ያለበትን የቹን ሊን ከባድ ጥቃት ለቀቀበት። በጨዋታው ደንብ እንዲህ ያለውን ጥቃት በተለመደው አኳኋን መከላከል እንኳ ትንሽ ጉልበት ያስከፍላል፤ ዳይጎ ደግሞ ያን ትንሹን እንኳ የሚከፍልበት አልነበረውም። የቀረው መንገድ ወደ ኋላ ከመሸሽ ይልቅ እያንዳንዱ ምት በሚያርፍበት ቅጽበት ዘንጉን ወደ ጠላት እየገፉ መመከት ነበር። ከጊዜው ጥቂት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ምቱ ሙሉ በሙሉ ያርፍበታል። ዳይጎ 15ቱንም በተከታታይ መክቶ፣ የመጨረሻውን በአየር ላይ ሆኖ ተቀብሎ፣ ወዲያው በመልስ ጥቃት ግጥሚያውን አሸነፈ። የተመልካቹ ጩኸት እስከ ዛሬ በፊልም ላይ ይሰማል።

ነገር ግን ታሪክ መርማሪ ሁለት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባዋል። አንደኛው፣ ዳይጎ ያን ውድድር በፍጻሜው በኬንጂ ኦባታ ተሸንፎ ሁለተኛ መውጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ የተደነቀው ሰው ብዙም ሳይቈይ ጨዋታውን መተዉ ነው። ከዚያም ፊቱን ወደ ማህጆንግ መልሶ ጥቂት ዓመታት በትጋት ሠራበት፤ እርሱንም ተወና አረጋውያንን በሚንከባከብ ተቋም ውስጥ ተቀጠረ። በዓለም ላይ ከርሱ የሚበልጥ ጥቂት ሰው እንኳ በማይገኝበት ነገር ሊኖርበት ስላልቻለ፣ እንደ ማንኛውም ወጣት ደመወዝ ወዳለበት ሄደ። ሽማግሌዎችን መርዳት የተከበረ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ በነዚያ ዓመታት የጐደለው ችሎታው አልነበረም።

የጐደለው እንዴት ተሞላ? በ2005 ዩቲዩብ ተቋቋመ፤ የፖሞናው ግጥሚያ ፊልምም በዚህ መንገድ አርኬድ አይተው ወደማያውቁ ሰዎች ዘንድ ደረሰ። በ2008 ካፕኮም «ስትሪት ፋይተር 4»ን በጃፓን የጨዋታ ቤቶች አወጣ፤ ዳይጎም ወደ ጨዋታው ተመለሰ። በ2009 በላስ ቬጋስ በተደረገው ኢቮ በፍጻሜው ጀስቲን ዎንግን አሸንፎ አንደኛ ሆነ፤ በ2010ም ደገመው። በዚሁ በ2010 የጨዋታ መሣሪያዎች የሚሠራው ማድ ካትዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ደጋፊው ሊሆን ተዋዋለ። ዳይጎ በጃፓን በሙያ ደረጃ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው እየተባለ የሚጠራውም ከዚህ ውል በመነሣት ነው።

እንግዲህ የ1998ቱን ልጅና የ2010ሩን ሰው ብናነጻጽር ሁለቱም አሸናፊዎች ናቸው። ልዩነቱ በእጃቸው ላይ ሳይሆን በዙሪያቸው ነው። ለሁለተኛው በሩቅ አገር ሆኖ የሚያየው ሕዝብ ተገኝቶለታል፤ ሕዝቡ ስለ ተገኘም በዚያ ሕዝብ ፊት ዕቃውን ለማስተዋወቅ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ተገኝቷል። ስለዚህ አንድ ችሎታ ሙያ የሚሆነው ችሎታው፣ ተመልካቹና ከፋዩ ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ሰው በራሱ ትጋት ሊያፈራው ይችላል፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ዘመን ነው የሚያመጣቸው።

ከፋዩም ቢሆን የጸና አይደለም። ማድ ካትዝ በ2017 ከስሮ ተዘጋ፤ ዳይጎ ግን በሌሎች ደጋፊዎች እየታገዘ ቀጠለ። ሽልማትም ቢሆን የኑሮው ብቸኛ ምንጭ እንዳልነበረ የሚያሳይ ነገር አለ። በ2015 መጨረሻ በካፕኮም ካፕ በካዙኖኮ ተሸንፎ ሁለተኛ ሲወጣ ያገኘውን 60,000 ዶላር፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጨዋታ ሥራ ለሚማሩ ተማሪዎች መርጃ እንዲሆን ሰጥቶታል። ራሱም በ2012 በጻፈው መጽሐፍ አንድ ጊዜ ማሸነፍና እያሸነፉ መኖር የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳል። ውድድርን የመጨረሻ ግብ ያደረገ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ በየቀኑ ትንሽ ነገር ማሻሻልን ግብ ያደረገ ግን ይዘልቃል የሚል ነው አሳቡ።

የሙያው ስም በሕግ ዘንድ መታወቁ ደግሞ ከዚህም ዘግይቷል። ሻጭ ለገዢ የሚሰጠውን ስጦታ የሚወስነው የ1962 የጃፓን ሕግ፣ ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ ለተጫዋቾች ትልቅ ሽልማት እንዳይሰጥ ያግዳል የሚል ሥጋት ነበር። በየካቲት 2018 የተቋቋመው የጃፓን የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ማኅበር ለተጫዋቾች የሙያ ፈቃድ መስጠት የጀመረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ወረቀቱ ከሥራው በኋላ መጣ ማለት ነው።

በመጋቢት 2018 ዳይጎ ራሱ ባዘጋጀው ግጥሚያ ከቶኪዶ ጋር አሥር ጊዜ ቀድሞ ላሸነፈ ተጫወቱ፤ 10 ለ 5 ረታው። ቶኪዶ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅና የ2017 ኢቮ አሸናፊ ነው። የአገሩን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ይህን ሥራ መምረጡ፣ ዳይጎ ባልነበረ መንገድ ከሄደ በኋላ መንገድ መኖሩን ያመለክታል። ቶኪዶ ሲመርጥ የሚያየው አርአያ ነበረው፤ ዳይጎ በ23 ዓመቱ ሲተው ግን ማንንም ለማየት አልቻለም።

ከዚህ ታሪክ «ልጆች ሁሉ ጨዋታ ቤት ይዋሉ» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው ይሳሳታል። በነዚያው ቤቶች ከዳይጎ ጋር ያደጉ፣ ከፋይም ተመልካችም ሳያገኙ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። የማይካደው ግን ሌላ ነው። አንድ ትጋት ዛሬ ዋጋ ስላልተከፈለበት ዋጋ የለውም ብሎ መፍረድ፣ የሥራውን ጠባይና የዘመኑን ሁኔታ ማደባለቅ ነው። በ1998 ሥራ ያልነበረው በ2010 ሥራ ሲሆን፣ ልጁ የሚያደርገው ነገር በመሠረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሌላው ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ የሙያዎችን ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች ደመወዝ የተጀመረበትን ቀን የሙያው መወለጃ አድርገን ከመጻፋችን በፊት፣ ያለ ደመወዝ ያለፉትን ዓመታት አብረን ልንቈጥር ይገባናል።