አሥራ ሁለት ክሬዲት፦ የአሜሪካ የተማሪ ድጎማ ታሪክ

በአሜሪካ ኮሌጆች አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ነው። አራት ኮርስ የተመዘገበ ተማሪ 12 ክሬዲት ይሞላና የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል። ከአራቱ አንዱን ድሮፕ ካደረገ ግን በመንግሥት ስሌት ሦስት አራተኛ ተማሪ ይሆናል፤ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጎማም በዚያው ልክ ይቀንስበታል። በሬጅስትራር ቢሮ ኮርስ መቀየርን የኪስ ጉዳይ ያደረገው ይህ አሠራር ከሰማንያ ዓመት በላይ የኋላ ታሪክ አለው።

መነሻው ጦርነት ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጁን 22 ቀን 1944 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚመለሱ ወታደሮችን የሚያስተምር ሕግ ፈረሙ። መንግሥት በዓመት እስከ 500 ዶላር የሚደርስ የትምህርት ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይከፍል ነበር፤ ላጤው ወታደር ደግሞ ለኑሮው በወር 50 ዶላር ይቆረጥለት ነበር። 2.2 ሚሊዮን ያህል የቀድሞ ወታደሮች በዚህ ዕድል ኮሌጅ ገቡ።

ገንዘቡ ሲበዛ ግን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ማጋነን ጀመሩ። ስለዚህ በ1952 ለኮሪያ ዘማቾች የወጣው ሕግ መንገዱን ቀየረ፦ ክፍያው በትምህርት ቤቱ ካዝና ማለፉ ቀርቶ በተማሪው እጅ እንዲገባ ተደረገ። ቤተሰብ የሌለው የሙሉ ጊዜ ተማሪ በወር 110 ዶላር ይቀበልና የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ከዚያው ይሸፍን ነበር። ግማሽ ቀን ተምሮ ግማሽ ቀን የሚሠራው ድርሻው ያነሰ ነበር። ገንዘቡ ለግለሰቡ ሲሰጥ «ይህ ሰው በእርግጥ ምን ያህል እየተማረ ነው?» የሚለው ጥያቄ ክብደት አገኘ፤ መለኪያውም በሳምንት የሚማረው የክሬዲት ሰዓት ሆነ። የቀድሞ ወታደሮች ሕግ ዛሬም ለሙሉ ጊዜ 14 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ኮሌጁ ራሱ ባነሰ ቁጥር ተማሪውን ሙሉ ጊዜ ብሎ ካስከፈለው እስከ 12 ዝቅ ይላል።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኖቬምበር 8 ቀን 1965 በተማሩበት የቴክሳስ ኮሌጅ፣ ሳን ማርኮስ ከተማ ላይ፣ የከፍተኛ ትምህርት ሕግን ሲፈርሙ ድጋፉ ከወታደር አልፎ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ደረሰ። የሚሰጠውን ተማሪ የሚመርጠው ግን ኮሌጁ ነበር። የሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ይህን አልወደዱትም፤ ድጎማው ለተማሪው በሕግ የታወቀ መብት እንዲሆን ተከራከሩ። ሐሳባቸው በ1972 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በፈረሙት ማሻሻያ ውስጥ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1973–74፣ ከፍተኛው ድጎማ 452 ዶላር ብቻ ነበር። ያገኙትም የሙሉ ጊዜ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ፣ ሥራና ትምህርት አጣምረው የሚማሩትም ጭምር፣ ቀስ በቀስ ተጨመሩ። በ1980 ድጎማው በሴናተሩ ስም ተሰየመ።

ለአሥርተ ዓመታት የሠራው ስሌት ደረጃ ደረጃ ያለው ነበር። 12 እና ከዚያ በላይ ክሬዲት ሙሉ፣ ከ9 እስከ 11 ሦስት አራተኛ፣ ከ6 እስከ 8 ግማሽ፤ ከ6 በታች ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ችግሩ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲወረድ ነበር። ከ11 ወደ 9 የወረደ ተማሪ ምንም አይቀነስበትም ነበር፤ ከ12 አንዲት የላቦራቶሪ ክሬዲት የጣለው ግን ሩቡን ያጣ ነበር።

የሚጣልበት ቀንም ቁም ነገር ነው። ብዙ ኮሌጆች ሴሚስተሩ በተጀመረ ጥቂት ሳምንት ውስጥ ምዝገባው የሚቆለፍበት ቀን አላቸው። ከዚያ በፊት ኮርስ የጣለ ወይም የጨመረ ተማሪ ድጎማው እንደገና ይሰላል። ከቀኑ በኋላ የጣለ፣ ትምህርቱን በእርግጥ ጀምሮ ከነበረ፣ የዚያ ሴሚስተር ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ ያላለቀው ኮርስ ግን በትምህርት ውጤቱ መመዘኛ ላይ ይቆጠርበትና የሚቀጥለውን ድጎማ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። አንድም ቀን ክፍል ያልገባበት ኮርስ ደግሞ ቀኑ ቢያልፍም ከስሌቱ ይወጣል።

ኮርስ መቀነስና ጨርሶ ትምህርት ማቋረጥ የተለያዩ ናቸው። ለሁለተኛው በ1998 የወጣ ሕግ አለ፦ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ያቋረጠ ተማሪ ገንዘቡ የሚገባው በቆየበት ቀን መጠን ነው። 30 በመቶው ላይ የወጣ 30 በመቶውን ያገኛል፤ የቀረው ይመለሳል። ኮሌጁ ለመንግሥት የመለሰውን ከተማሪው ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ብዙዎች ትምህርቱን ትተው ዕዳውን ይዘው ወጥተዋል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ኮንግረስ በዚያ ምክንያት ላቋረጡት ይህን ግዴታ አነሣ።

በ2020 መጨረሻ የወጣው ሌላ ሕግ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የቆየውን ደረጃ አፈረሰው። አሁን እያንዳንዱ ክሬዲት ለብቻው ይቆጠራል፤ 11 ክሬዲት 92 በመቶ፣ 8 ክሬዲት 67 በመቶ፣ 7 ክሬዲት 58 በመቶ ነው። በዚያ ዓመት ከፍተኛው ድጎማ 7,395 ዶላር፣ ለአንድ ሴሚስተር 3,697 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። 11 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በድሮው ስሌት 2,773 ዶላር ያህል ያገኝ ነበር፤ በአዲሱ ከ3,400 ዶላር በላይ ይደርሰዋል። ይህ በዋሽንግተን ዙሪያ እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖርዘርን ቨርጂኒያ ባሉ ኮሌጆች የሚማሩ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል፤ በዲቪ የገባ ቋሚ ነዋሪም ሆነ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ፔል ግራንት ማመልከት ይችላል። የሥራ ፈረቃ ሲቀየርበት ኮርስ ለሚቀንስ ተማሪ እያንዳንዷ ክሬዲት የምታስቀረው አሁን አስቀድሞ ይታወቃል።

አዲሱ ስሌት ያልነካው የላይኛውን ጣሪያ ነው። 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ ከባለ 12ቱ በሴሚስተር የበለጠ አያገኝም። የመጀመሪያ ዲግሪ ግን ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይፈልጋል፤ በየሴሚስተሩ 12 የያዘ በአራት ዓመት 96 ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን «15 ይዛችሁ ጨርሱ» እያለ ዘመቻ ያካሄደው። ከ2012 ወዲህ አንድ ሰው በዕድሜው ከ12 ሙሉ ሴሚስተር በላይ ፔል ግራንት እንዳያገኝ መደረጉም ለዘገየ ተማሪ ጊዜውን አጥብቦታል።

በሜይ 2025 የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው ረቂቅ ከዚህም አልፎ ይሄድ ነበር፦ የሙሉ ጊዜ ትርጉም በዓመት 30 ክሬዲት፣ ማለትም በሴሚስተር 15 እንዲሆን። ቢጸድቅ ኖሮ ባለ 12 ክሬዲቱ ምንም ሳይጥል ከሙሉ ተማሪነት ይወርድ ነበር። ሴኔቱ ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ጁላይ 4 በተፈረመው የመጨረሻ ሕግ ውስጥ የለም። ፔል ግራንት አሁንም ሙሉ የሚባለውን በ12 ይቆጥራል።