ከአዲስ አበባ እስከ ጊዳ አያና፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል የሚወስደው የመኪና መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአየር ርቀቱ፣ ማለትም በምድር ጥምዝ ገጽ ላይ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አጭሩ መስመር፣ ከ250 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከነቀምት በስተሰሜን፣ ከአንገር ሸለቆ ማዶ የምትገኘው ጊዳ አያናም በዚሁ ስሌት ከዋና ከተማዋ እጅግ የራቀች አይደለችም፤ ይሁን እንጂ የወለጋን የጉዞ ጊዜ ሲወስን የኖረው አውሮፕላን የሚያርፍበት መሬትና ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መንገድ ነው።

መኪናና አውሮፕላን ከመምጣታቸው በፊት፣ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሲራራ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ነቀምት ለመድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበት ነበር፤ ወንዞች በሞሉበት ክረምት ደግሞ ጉዞው ከናካቴው ይቋረጥ ነበር።

የክረምቱን መሰናክል በአየር ለማለፍ ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ የታወቀው በወራሪው ላይ ጥፋት ያስከተለው ነው። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ማሊዮኮና ዝነኛው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ የነበሩበት ቡድን በሦስት አውሮፕላኖች በረሮ ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ አረፈ፤ ነገር ግን ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ ከአንድ ቄስ በቀር የቡድኑን አባላት ገደሉ። በአየር አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ርቀት የኢጣሊያ እግረኛ ጦር ተጉዞ ነቀምት የገባው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበር። አየሩን መያዝ ብቻውን አገሩን መያዝ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው ዳኮታ በሚባሉት ሁለት ሞተር ባላቸው አውሮፕላኖች ሲሆን፣ በኋላም ነቀምት ከአገር ውስጥ መዳረሻዎቹ አንዷ ሆነች። ለጦር ሠራዊት ተሠርተው በነበሩት በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ ተሳፋሪዎች በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ ጭነቱም መካከሉ ላይ ከወለሉ ጋር ይታሰር ነበር። ዳኮታ በሰዓት ወደ 270 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ የዛሬው ዳሽ 8 ኪው 400 ግን 650 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበርር ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት ያለውን ርቀት በግማሽ ሰዓት ሊያቋርጠው ይችላል። ሆኖም የበረራ ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት አንሥቶ መዳረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ስለሆነ፣ መንደርደሪያው፣ ሽቅብ መውጣቱና ለማረፍ ዝቅ ማለቱ በአጭር መስመር ላይ የፍጥነቱን ትርፍ በአብዛኛው ይበሉታል።

ለጊዳ አያና ነዋሪ ደግሞ ከነቀምት በኋላ ወደ አንገር ጉትን ቆላ ወርዶ እንደገና ወደ ደጋው የሚወጣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይቀረዋል፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት ከሚደረገው በረራ ይልቅ በመኪና የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የወለጋ ከተሞች የጉዞ ጊዜ ሊቆጠር የሚገባው ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ከደጅ እስከ ደጅ ነው፤ ለማረፊያ ሜዳ የሚሰጠው ትኩረትም ከነቀምት ወደ ጊዳ አያናና ወደ ቡሬ ለሚዘልቀው መንገድ ሊሰጥ ይገባል።